የመጀመሪያውን የኒውሮሳይንስ መጽሐፍ ስትመርጡ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የነርቭ ሞጁል ሊጀመር ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ፒሲ ዋን (ቅድመ ክሊኒካል አንደኛ ዓመት የሕክምና) ተማሪዎች ደጋግመው የሚያነሱልኝ ጥያቄ አለ፦ «የትኛውን መጽሐፍ ላንብብ?» አንድ ስም ጠርቼ ብገላገል በወደድኩ። ግን ጀማሪዎችን ሳስጠና የታዘብኩት ሌላ ነው። ብዙው ተማሪ በዚህ ትምህርት የሚቸገረው ሰንፎ አይደለም፤ ለሌላ ዓይነት አንባቢ የተጻፈ መጽሐፍ ይዞ ስለሚቀመጥ ነው።

በስም መምረጥ

የመጀመሪያው ስህተት «ትልቁ መጽሐፍ የቱ ነው?» ብሎ መጀመር ነው። መልሱ ይታወቃል፤ ካንዴል ነው። ኤሪክ ካንዴል በባሕር ቀንድ አውጣ ላይ ባደረገው የማስታወስ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2000 የኖቤል ሽልማት ከተጋሩት ሦስት ሳይንቲስቶች አንዱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1981 ከባልደረባው ጋር ያሳተመው መጽሐፍ ዛሬ ስድስተኛ እትሙ ላይ ደርሶ ከ1,600 ገጽ በላይ ሆኗል። ታላቅ መጽሐፍ ነው፣ አከብረዋለሁ። ግን ስድስትና ሰባት ሳምንት ብቻ ለተሰጠው ጀማሪ አልተጻፈም።

እኔ ራሴ በመጀመሪያው ዓመቴ ከቤተ መጻሕፍት ተውሼው ሦስት ሳምንት በአዮን ቻናሎች (በነርቭ ሴል ሽፋን ላይ እንደ ሶዲየም ያሉ አዮኖች የሚያልፉባቸው በሮች) ምዕራፎች ላይ አሳለፍኩ። የፈተናው ቀን የአንጎል ግንድ ተቆርጦ የሚያሳይ ሥዕል ቀረበልኝና የተጠቆሙትን ክፍሎች እንድሰይም ተጠየቅሁ። ስለ ሶዲየም ቻናል አንድ ሰዓት ማውራት እችል ነበር፤ ያንን ሥዕል ግን አይቼው አላውቅም። ካንዴልን ሪፈረንስ አድርጋችሁ ያዙት፤ አንድ ጥያቄ እንቅልፍ ሲነሳችሁ ሄዳችሁ የምትከፍቱት።

ኒውሮአናቶሚንና ኒውሮሳይንስን አንድ ማድረግ

የሁለቱ ዘርፎች መጻሕፍት ከውጭ ሲያዩአቸው ይመሳሰላሉ፣ ሥራቸው ግን ለየቅል ነው። የስኔል ክሊኒካል ኒውሮአናቶሚ የትኛው ነገር የት እንዳለና ምን ከምን ጋር እንደሚገናኝ ይነግራችኋል፤ ሲናፕስ (ሁለት የነርቭ ሴሎች መልእክት የሚለዋወጡበት መገናኛ) እንዴት እንደሚሠራ ለመረዳት ግን ብቻውን አይበቃም። የቤር፣ ኮነርስና ፓራዲሶ መጽሐፍ ደግሞ በአሜሪካ ብራውን ዩኒቨርሲቲ ለመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች ከተሰጠ ኮርስ የተወለደ ነው። ነርቭ ምን እንደሆነ ጭራሽ ለማያውቅ ሰው ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ አላየሁም። ነገር ግን ሐኪም ለማፍራት ተብሎ አልተጻፈምና የአንጎል ግንድን በሚፈለግባችሁ ዝርዝር አታገኙበትም።

ስለዚህ ከመምረጣችሁ በፊት የሞጁላችሁን ማውጫ አውጡ። አብዛኛው ርዕስ ትራክት (መልእክት የሚጓዝበት የነርቭ ክሮች መስመር) እና ኒውክሊየስ (በአንድ ቦታ የተሰበሰቡ የነርቭ ሴሎች) ከሆነ አናቶሚውን ዋና አድርጉ። ፊዚዮሎጂው ከበዛ፣ የሚያብራራውን ዋና አድርጉና አናቶሚውን ከጎኑ አስቀምጡ። ሁለት መጽሐፍ በቂ ነው። አምስት የሚሰበስብ ተማሪ የአምስቱንም የመጀመሪያ ምዕራፍ ብቻ አንብቦ ሲቀር አይቻለሁ።

ሳይፈትኑ መውሰድ

ሰው ጫማ ሳይለካ አይገዛም፣ መጽሐፍን ግን ሽፋኑን አይቶ ይወስዳል። ሁሌም የምጠቀምበትን መለኪያ ልንገራችሁ።

አንድ ሰው ጀርባው ላይ በስለት ተወግቶ የህብለ ሰረሰሩ የቀኝ ግማሽ ተቆረጠ እንበል። ቀኝ እግሩን ማንቀሳቀስ አይችልም። በዚያው እግር ንዝረት አይሰማውም፤ ዓይኑን ጨፍኖ አውራ ጣቱን ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ብታጥፉለት አይለይም። ግራ እግሩ ግን እንደልቡ ይንቀሳቀሳል፤ ሆኖም በመርፌ ብትነኩት ሕመሙ፣ በረዶ ብታስነኩት ቅዝቃዜው አይሰማውም። ይህ ብራውን ሴካርድ ሲንድሮም ይባላል።

አሁን የምትመርጡትን መጽሐፍ ውሰዱና ስለ ህብለ ሰረሰር የሚያወራውን ምዕራፍ ሃያ ደቂቃ አንብቡ። ከዚያ ዝጉትና በባዶ ወረቀት ላይ ሦስት መስመር ለመሳል ሞክሩ። አንደኛው የእንቅስቃሴ ትዕዛዝ ይዞ ከአንጎል የሚወርደው ነው፤ አብዛኛው ክፍሉ ሜዱላ (የአንጎል ግንድ የታችኛው ክፍል) ላይ ተሻግሮ ነው የሚወርደው። ሁለተኛው ንዝረትንና የመገጣጠሚያን አቀማመጥ ይዞ ይወጣል፤ በገባበት ጎን ሜዱላ ድረስ ሄዶ እዚያ ይሻገራል። ሦስተኛው ሕመምንና ሙቀትን የሚያደርሰው ነው፤ እሱ አይቆይም፣ ህብለ ሰረሰር በገባ በአንድ ሁለት ሴግመንት (የህብለ ሰረሰር ክፋይ) ውስጥ ወደ ማዶ ይሻገራል። ሦስቱን መስመሮች ስላችሁ የቀኙን ጎን በእርሳስ ከቆረጣችሁት፣ የሰውየው ምልክት ሁሉ ሳትሸመድዱት ከወረቀቱ ላይ ይነበባል።

መጽሐፉ በሃያ ደቂቃ እዚህ ካደረሳችሁ ያዙት። የትራክት ስም በሠንጠረዥ ደርድሮ የት እንደሚሻገር በአንድ መስመር ብቻ ካለፈው፣ ወይም ጽሑፉ አንድ ገጽ ላይ ሆኖ ሥዕሉን ፍለጋ አራት ገጽ ካስገለጣችሁ፣ ስሙ የፈለገውን ያህል ቢገን መልሱት። እንግሊዝኛውንም እግረ መንገዳችሁን ትለኩታላችሁ፤ አንድን አንቀጽ ሦስት ጊዜ ካነበባችሁት ችግሩ የእናንተ ሳይሆን የአጻጻፉ ሊሆን ይችላል።

ስለ እትም ያለ ልክ መጨነቅ ወይም ጨርሶ አለመጨነቅ

አዲሱ እትም ካልተገኘ ብላችሁ አትቁሙ። ሦስቱ መስመሮች የሚሻገሩበት ቦታ በሃያ ዓመት አልተለወጠም፤ ከሲኒየር የወረሳችሁት አሮጌ ስኔል ለዚህ ይበቃል። የተለወጠው ሌላ ነው። የቆዩ መጻሕፍት አንጎል 100 ቢሊዮን የነርቭ ሴሎች እንዳሉትና ግሊያ የሚባሉት የነርቭ ሴሎችን የሚደግፉ ሴሎች አሥር እጥፍ እንደሚበዙ ይጽፋሉ። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው ቆጠራ ግን የነርቭ ሴሎቹን ወደ 86 ቢሊዮን አወረዳቸው፤ ግሊያዎቹም በቁጥር የሚቀራረቡ ሆነው ተገኙ። የአንጎልን ቆሻሻ ያጥባል የተባለው ግሊምፋቲክ ሥርዓትም ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ2012 ነው። አሮጌ መጽሐፍ ይዛችሁ እንዲህ ያለውን ከመምህራችሁ ስላይድ ብታሟሉ አትጎዱም።

ጥቁርና ነጭ ኮፒ

ይህን ብዙ ሰው አያስበውም። መጽሐፉ ውድ ነውና ተማሪው ፒዲኤፉን ከቴሌግራም አውርዶ ግቢ በር ላይ ካሉት ኮፒ ቤቶች ያሳትመዋል። ባለቀለሙ ሥዕል ላይ ወደ ላይ የሚወጡት ትራክቶች ሰማያዊ፣ የሚወርዱት ቀይ ነበሩ እንበል፤ ኮፒው ላይ ሁሉም ግራጫ ይሆናል። አንዲት ተማሪ በእንዲህ ያለ ኮፒ አጥንታ የሚወጣውን ከሚወርደው እያምታታች ስትቸገር አብሬያት ተቀምጬ ነበር። ያስቸገራት ወረቀቱ ነበር። ጽሑፉን በኮፒ አንብቡ፤ ሥዕሎቹን ግን በኮምፒውተር ስክሪን እያያችሁ ኮፒው ላይ በእስክሪብቶ ቀለም ቀቧቸው። ስልክ ለዚህ አይሆንም፣ ስሞቹ አይነበቡም።

በአጭር ማስታወሻ መጀመር

የፈተና መከለሻ መጻሕፍት የተጻፉት አንድ ጊዜ ለተማረ ሰው ነው። ለክለሳ አስቀምጧቸው።

በሽተኛውን መርሳት

መጽሐፍ ከተጻፈበት አገር ሕመም ጋር ይመጣል። የአሜሪካና የአውሮፓ መጻሕፍት የነርቭ ሽፋን መጎዳትን ሲያስረዱ መልቲፕል ስክለሮሲስን ያነሳሉ። እኛ ዋርድ ላይ ደጋግመን የምናገኘው ግን ህብለ ሰረሰርን የተጫነ የጀርባ አጥንት ቲቢ ነው። ለዚህ በየምዕራፉ የበሽተኛ ታሪክ የሚያቀርብ መጽሐፍ ይረዳል፤ የብሉመንፌልድ ኒውሮአናቶሚ ከአናት እስከ ግርጌው እንዲህ የተሠራ ነው። እሱም ቢሆን የእኛን አገር በሽተኛ ሁሉ አይዝምና የጎደለውን ራሳችሁ ሙሉ።

ጓያን ለምሳሌ እንውሰድ። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ጣና አጠገብ በደምቢያና በፎገራ ብዙ ገበሬዎችን ሽባ ያደረገው ጓያን ለወራት ዋና ምግብ አድርጎ መብላት ነበር። በሽተኛው ሲራመድ እግሮቹ ገትረው ይጠላለፋሉ፣ በዱላ ይደገፋል። በመርፌ ብትነኩት ግን ብዙውን ጊዜ በደንብ ይሰማዋል፤ ንዝረቱንም ይለያል። ስለ ህብለ ሰረሰር ምዕራፉን ስትጨርሱ ኅዳጉ ላይ «ጓያ» ብላችሁ ጻፉና ከሳላችኋቸው ሦስት መስመሮች የተጎዳውን አንዱን አክብቡ።