ቺቼን ኢትዛን በማለዳ፣ ሴኖቴን በቀትር፦ የአንድ ቀን የዩካታን ጉዞ

ምክሬን ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። ሜክሲኮ፣ ዩካታን ግዛት ውስጥ ማያ የሚባለው ሕዝብ ጥንት የሠራውን የቺቼን ኢትዛ ፒራሚድና ሴኖቴ የሚባለውን የምድር ውስጥ ውሃ በአንድ ቀን ማየት ከፈለጋችሁ ካንኩን አትደሩ። ዋዜማውን ለፒራሚዱ ቅርብ የሆነችው ቫያዶሊድ ከተማ ግቡና እዚያ እደሩ። ሌላው ሁሉ ከዚያ በኋላ ይቀላል።

ካንኩን ባሕር ዳርቻ ላይ ናት። ቺቼን ኢትዛ ደግሞ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ መሀል አገር ገባ ብሎ ነው ያለው። ሆቴል በር ላይ የሚሸጥላችሁ የአውቶቡስ ጉዞ ከሆቴል ሆቴል እየዞረ ሰው ሲለቅም ጠዋቱ ያልቃል። ከዚያ የመታሰቢያ ዕቃ መሸጫ ያስገባችኋል። ፒራሚዱ ሥር የምትደርሱት ፀሐይዋ አናት ላይ ስትወጣ ነው፤ ያውም ከሌሎች አውቶቡሶች ጋር እኩል። ሴኖቴው ጋ ደግሞ ልብስ ቀይራችሁ ሳትጨርሱ «እንሂድ» ትባላላችሁ። እኔ የምኖረው ዳላስ ነው። የምነግራችሁ ጉልበቷን የሚያማትን እናቴንና ልጆቼን ይዤ የሄድኩበትን መንገድ ነው። እሷ የቻለችውን እናንተም ትችሉታላችሁ።

መጀመሪያ ወረቀት። የአሜሪካ ግሪን ካርድ ያለው ሰው በኢትዮጵያ ፓስፖርት ቢሄድም የሜክሲኮ ቪዛ አያስፈልገውም። የካናዳ፣ የእንግሊዝ ወይም የሼንገን አገሮች ቋሚ መኖሪያ ያለውም እንደዚያው። ካርዱን ራሱን ግን ያዙ። ፎቶው ስልኬ ላይ አለ ብላችሁ ቤት እንዳትተዉት። ለጥየቃ አሜሪካ የመጣ ዘመድ ይዛችሁ ከሆነ ደግሞ ጣጣው ያለው መመለሱ ላይ ነው። ቪዛው ስንት ጊዜ እንደሚያስገባና የመመለሻ ሕጉን ሳታጣሩ ትኬት አትቁረጡ።

አሁን ስለ ሰዓት፤ የምጽፈው በእኛ አቆጣጠር ነው። ካንኩን ያለችበት ኪንታና ሮ የሚባለው ግዛት ከዩካታን በአንድ ሰዓት ይቀድማል። ስለዚህ «ቫያዶሊድ ማደር አልሆነልንም፣ ከካንኩን ነው የምንነሳው» የምትሉ ካላችሁ አንድ ሰዓት በነጻ ታገኛላችሁ። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ተነስታችሁ በክፍያ መንገዱ ሁለት ሰዓት ተኩል ብትነዱ፣ በዩካታን ሰዓት ልክ 2 ሰዓት ላይ፣ በሩ ሲከፈት ትደርሳላችሁ። ስትመለሱ ያቺኑ ሰዓት መልሳችሁ ትከፍሏታላችሁ።

መኪና ለሚከራይ፦ ኢንተርኔት ላይ የምታዩትን ርካሽ ዋጋ አትመኑ። የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ በሜክሲኮ ሕግ ግዴታ ስለሆነ ቁልፉን ስትቀበሉ ዋጋው ያድጋል። እዚያ ቆማችሁ ከመከራከር ኢንሹራንሱ ያለበትን ሙሉ ዋጋ አስቀድማችሁ በጽሑፍ ተቀበሉ። ነዳጅ ሲቀዳላችሁ ማሽኑ ዜሮ ላይ መሆኑን በዓይናችሁ እዩ። በነጻው መንገድ ከሄዳችሁ በየመንደሩ ቶፔ የሚሉት ጉብታ አለ። ምልክት የሌለውም አለ፤ ሳታዩት ብትገቡበት አናታችሁ ከጣሪያው ጋር ይገናኛል።

መኪና ከሌላችሁም አትጨነቁ። ከካንኩን ቫያዶሊድ አዶ የሚባለው አገር አቋራጭ አውቶቡስ ይወስዳችኋል። እ.ኤ.አ. ከ2023 መጨረሻ ጀምሮ ባቡርም ገብቷል። ከቫያዶሊድ ቺቼን ኢትዛ ኮሌክቲቮ አለ፤ ሲሞላ የሚነሳ ሚኒባስ ነው። ለእኛ ማስረዳት አያስፈልገውም፤ የጎደለው «አንድ ሰው! አንድ ሰው!» የሚል ወያላ ብቻ ነው።

ቺቼን ኢትዛ በ2 ሰዓት ይከፈታል። ሩብ ሰዓት ቀድማችሁ ሰልፍ ያዙ። ክፍያው ለሁለት የተከፈለ ነው፤ አንዱ ለፌዴራል መንግሥቱ፣ ሌላው ለዩካታን ግዛት። የውጭ ዜጋ በድምሩ ከ600 ፔሶ በላይ ይከፍላል። ሁለቱንም ወረቀት ካልያዛችሁ የመግቢያው በር አያሳልፋችሁም። እሁድ ለሜክሲኮ ዜጎች በነጻ ስለሆነ ይጨናነቃል፤ ሌላ ቀን ካላችሁ ሌላ ቀን ሂዱ። አስጎብኚ ከፈለጋችሁ በሩ ላይ መታወቂያ ያንጠለጠሉት አሉ። ዋጋውን ከመግባታችሁ በፊት ቁረጡ። ከሌላ ቤተሰብ ጋር ብትጋሩም ይቻላል።

ገብታችሁ ትንሽ እንደተራመዳችሁ ዛፉ ይገለጥና የኩኩልካን ፒራሚድ ፊት ለፊታችሁ ይቆማል። ቁመቱ 30 ሜትር ያህል ነው። መውጣት ከተከለከለ ዓመታት አልፈዋል፣ ስለዚህ ጉልበቱን የሚያመው ሰው የሚቀርበት ነገር የለም። እኔ የምላችሁ ደረጃውን ቁጠሩት ነው። በአራቱም ጎን 91፣ 91 ደረጃ አለ። አራት ጊዜ 91፣ 364። አናቱ ላይ ያለውን አንድ ስትጨምሩበት 365። ዘጠኙ እርከኖች ደግሞ በደረጃው መሀል ለመሀል ተከፍለው በእያንዳንዱ ጎን 18 ይሆናሉ። የማያዎቹ ዓመት 18 ወር ነበረው፤ እያንዳንዱ 20 ቀን። 360 ሆነ ማለት ነው። የቀረውስ? አምስት ቀን ለብቻው የምትቆም ትንሽ ወር አላቸው፤ ዋየብ ይሏታል።

ይሄን ስሰማ ሳቄ ነው የመጣው። ለፈረንጅ ጎብኚ ግማሽ ሰዓት የሚፈጅ ማብራሪያ ነው፣ ለእኛ ግን ጳጉሜን ናት። ልዩነቱ እኛ በአራት ዓመት አንዴ ስድስተኛ ቀን እንጨምራለን፣ እነሱ አይጨምሩም ነበር። ደግሞ ዋየብን እንደ ክፉ ቀን ይፈሯት ነበር፤ እኛ በጳጉሜን ጸበል እንጠመቃለን። ልጆቻችሁ «የኢትዮጵያ ዓመት ለምን 13 ወር ሆነ?» እያሉ የሚያስቸግሯችሁ ከሆነ እዚያ ደረጃ ሥር አቁማችሁ አስረዷቸው። የኔዎቹ ያን ቀን ነው የገባቸው።

ከሰሜኑ ደረጃ ፊት ለፊት ቆማችሁ አንዴ አጨብጭቡ። የሚመለሰው የገደል ማሚቶ ጭብጨባ አይመስልም፤ እንደ ወፍ ጩኸት ነው። ኬትሳል የምትባለዋ ወፍ ድምፅ ነው ይላሉ። መጋቢትና መስከረም ላይ፣ ቀንና ሌሊት እኩል ሲሆኑ፣ የፀሐይዋ ጥላ በዚሁ ደረጃ ጠርዝ ላይ እባብ እየወረደ እንዲመስል ያደርጋል። በዚያን ቀን አትሂዱ ነው የምለው። ከጥላው የሰው ጀርባ ይበዛል።

ከፒራሚዱ ቀጥሎ የኳስ ሜዳው። 168 ሜትር ርዝመት፣ 70 ሜትር ስፋት አለው፤ በአካባቢው ከተገኙት ጥንታዊ የኳስ ሜዳዎች ትልቁ ነው። ግድግዳው ላይ ከፍ ብሎ የድንጋይ ቀለበት ታያላችሁ። ከታች ያለውን ቅርጽ ግን ልጅ የያዘ ሰው ቀድሞ ይወቀው፤ አንገቱ የተቆረጠ ተጫዋች አለ፣ ደሙ እባብ ሆኖ ይፈልቃል። አጠገቡ ያለው መድረክም ዙሪያውን የራስ ቅል የተቀረጸበት ነው።

ከዚያ በዛፍ ሥር መንገዱን ይዛችሁ ወደ ቅዱሱ ሴኖቴ ሂዱ። እዚህ መዋኘት የለም። 60 ሜትር ያህል ስፋት ያለው፣ ግድግዳው ቀጥ ያለ ጉድጓድ ነው። ማያዎች ለዝናብ አምላካቸው ለቻክ ወርቅ፣ ጄድ የሚባለውን አረንጓዴ ድንጋይ፣ ሰውም ጭምር ይጥሉበት ነበር። ኤድዋርድ ቶምሰን የሚባል የአሜሪካ ቆንስል እ.ኤ.አ. ከ1904 ጀምሮ በማሽን ሲዝቀው ኖረና ያገኘውን ወደ ሃርቫርድ ፒቦዲ ሙዚየም ላከው። የተወሰነው በኋላ ተመልሷል። የመቅደላን ታሪክ ለሚያውቅ ሰው ይሄ አዲስ ወሬ አይደለም።

መንገዱ ዳርና ዳር ሻጭ ነው። ከእንጨት የተሠራ ፊሽካ ይነፉና የነብር ጉርምርምታ ያሰማሉ፤ መጀመሪያ ያስደነግጣል፣ በኋላ ልጆች «ግዙልን» ይላሉ። መርካቶ ያደገ ሰው ክርክሩን አይፈራም። ግን መግዣው ሰዓት ስትወጡ ነው፤ ስትገቡ ከገዛችሁ ተሸክማችሁ ትዞራላችሁ።

ኤል ካራኮል የሚባለውን ክብ ግንብ ሳታዩ አትውጡ። ማያዎች ከመስኮቶቹ ቬነስን ይከታተሉበት ነበር። አብዛኛው ጎብኚ እዚህ ስለማይደርስ ጸጥ ያለ ነው። ከዚያ በ4 ሰዓት ተኩል፣ ቢዘገይ በ5 ሰዓት ውጡ። አውቶቡሶቹ የሚመጡት ያኔ ነው። አብዛኛው ግቢ ጥላ የለውም፣ ኮፍያ ያላደረገ ሰው በሚያዝያ ሙቀት ይዝላል።

ብዙ ሰው ከዚህ ወጥቶ 3 ኪሎ ሜትር ላይ ያለው ኢክ ኪል ይገባል። ቆንጆ ነው፣ ሐረጉ ከላይ እስከ ውሃው ይንጠለጠላል። ግን ውሃው ከመሬት በታች 26 ሜትር ያህል ነው፤ ያን ሁሉ ደረጃ ወርዳችሁ እንደገና መውጣት አለ። በቀትር ደግሞ ከሰው ጋር እየተጋጫችሁ ነው የምትዋኙት። እኔ አልፌው ወደ ቫያዶሊድ እነዳለሁ። ከተማዋ ልትገቡ 7 ኪሎ ሜትር ያህል ሲቀር፣ ድዚትኑፕ ከሚባለው መንደር አጠገብ፣ ሽኬኬንና ሳሙላ የሚባሉ ሁለት ሴኖቴዎች በአንድ ግቢ አሉ። 6 ሰዓት ላይ መድረስ ነው ግቡ። ሁለቱም የተዘጋ ዋሻ ናቸው፤ ጣሪያቸው ላይ ግን ቀዳዳ አለ። ቀትር ላይ ፀሐይዋ በቀዳዳው እንደ ምሰሶ ሆና ውሃው ላይ ታርፋለች። በ9 ሰዓት ብትመጡ ይሄ የለም። ሳሙላ ውስጥ የዛፍ ሥር ከጣሪያው ተነስቶ እስከ ውሃው ወርዷል። ሽኬኬን ደግሞ ጣሪያው በሙሉ የተንጠለጠለ ድንጋይ ነው፤ መብራቱ ደብዘዝ ያለ ነው፣ የሌሊት ወፍም አለ።

ውሃው ከየት መጣ? ዩካታን የኖራ ድንጋይ አገር ነው። ላዩ ላይ ወንዝ አይታይም። ዝናቡ በድንጋዩ ሰርጎ ይገባና እያሟሟው ዋሻ ይሠራል፤ የዋሻው ጣሪያ ሲደረመስ ሴኖቴ ይሆናል። የማያ ከተሞች ሴኖቴ አጠገብ የተቆረቆሩትም ለዚሁ ነው። ዛሬም አካባቢው የሚጠጣው ያንኑ የከርሰ ምድር ውሃ ነው። ስለዚህ ከመግባታችሁ በፊት ሻወር መውሰድ ግዴታ ነው። ክሬም፣ የፀሐይ መከላከያ ቅባት፣ የጸጉር ዘይት ሁሉ መታጠብ አለበት። ቅቤ የተቀባ ሰውማ ባይገባ ይሻላል። ከፀሐይ ለመከላከል እጅጌው ረጅም የሆነ የዋና ልብስ ልበሱ።

ዋና የማይችል ሰው ላይፍ ጃኬት ይልበስ። የማይሰጡበት ሴኖቴ ብዙም የለም፣ በአንዳንዱ ግዴታ ነው። ደጋ ላይ ያደግን ብዙዎቻችን ዋና አንችልም፣ ማፈር አያስፈልግም። ውሃው ጨው የለውምና እንደ ባሕር አያንሳፍፍም። ገመድ ተዘርግቷል፣ እሱን ይዞ መሄድ ይቻላል። ሙቀቱ ዓመቱን ሙሉ 25 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ከውጪው ሙቀት ስትመጡ ግን በረዶ ይመስላል። ደረጃው ስለሚያንሸራትት ለውሃ የሚሆን የጎማ ጫማ አድርጉ። እናቴ መጨረሻው ደረጃ ላይ ተቀምጣ እግሯን ብቻ ነው ያስገባችው። ትንንሾቹ ጥቋቁር ዓሦች እግሯን ሲነካኩ አማተበች። «ጸበል ነው እንዳልል እነዚህ አሉበት» አለች።

ከሁለቱ አንዱን ብቻ የምታዩ ከሆነ ሳሙላን ምረጡ። ሱይቱን የሚባለው፣ መሀሉ ላይ መቆሚያ ያለውና ኢንስታግራም ላይ የምታዩት፣ ለአንድ ፎቶ ተሰልፋችሁ የምትጠብቁበት ነው። ለፎቶ ከሄዳችሁ ጥሩ። ለመዋኘት አይደለም።

ምሳ ከዋናው በኋላ ነው፣ ወደ 8 ሰዓት፣ ቫያዶሊድ መሀል ከተማ። እዚህ ላይ ለሙስሊሙም ለኦርቶዶክሱም ልብ በሉ የምለው አለ። የአገሩ ታዋቂ ምግብ አብዛኛው አሳማ ነው። ኮቺኒታ ፒቢል አሳማ ነው። ፖክ ቹክ አሳማ ነው። የከተማዋ መታወቂያ የሆነው ሎንጋኒሳ የሚባለው ቋሊማም አሳማ ነው። ባቄላውን ሳይቀር በአሳማ ስብ ይሠሩታል። «ሲን ፑዌርኮ፣ ሲን ማንቴካ» በሉ፤ ያለ አሳማ፣ ያለ ስብ ማለት ነው። ፖዮ ፒቢል እዘዙ፤ በሙዝ ቅጠል ተጠቅልሎ የበሰለ ዶሮ ነው። ሶፓ ዴ ሊማ የሚሉት የዶሮ ሾርባም አንጀት ያርሳል። ጾም ላይ ከሆናችሁ ሲኪል ፓክ አለላችሁ፤ የዱባ ፍሬ ተፈጭቶ ከተጠበሰ ቲማቲም ጋር የተለወሰ ነው። ቶርቲያ በሚባለው የበቆሎ ቂጣ እየጠቀሱ ይበሉታል። አጠገቡ በትንሽ ሳህን የሚመጣው አባኔሮ ቃሪያ ነው። ሚጥሚጣ ለምጃለሁ ብላችሁ በማንኪያ እንዳትዝቁት።

አስተናጋጇ ማያ የመሆኗ ዕድል ሰፊ ነው። ማያዎች ጠፉ የሚባለው ተረት ነው፤ ቋንቋቸውን ዛሬም በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሰው ይናገረዋል። «ዲዮስ ቦኦቲክ» ብላችሁ አመስግኗት፤ ፈገግታዋ ከጉርሻው ይበልጣል። ጉርሻውንም ስጡ።

ጉልበት ከተረፋችሁ በ1550ዎቹ የተሠራው የሳን በርናርዲኖ ገዳም በእግር ይደረሳል። ካልተረፋችሁ አደባባዩ ላይ ማርኬሲታ ብሉ፤ እንደ ስስ ብስኩት የተጠቀለለ፣ ውስጡ የተፈቀፈቀ አይብ ያለበት ነው። ልጆች ቸኮሌት ያስጨምሩበታል።

ወደ ካንኩን የምትመለሱ ከሆነ ከምሽቱ 12 ሰዓት በፊት ውጡ። ከመሸ በነጻው መንገድ አትንዱ፤ መብራት የሌለው ብስክሌት፣ ውሻና ጉብታ አይታይም። ክፍያ መንገዱ ላይ ነዳጅ ማደያ ስለሚርቅ ቫያዶሊድ ላይ ሙሉ። ለክፍያው ጥሬ ፔሶ ያዙ። በማግስቱ ጠዋት በረራ ካላችሁ ደግሞ ስልካችሁ ወደ ካንኩን ሰዓት መቀየሩን ሳታዩ ደወል አትሙሉ።