ስታክ የተደረጉ ስዊቾች ሲያስቸግሩ፦ ከምልክቱ እስከ መፍትሄው

ስዊቹ መብራት ማግኘቱን፣ ኮንሶል መግባታችሁን፣ የተጠቃሚው ኬብል ደህና መሆኑን አይታችኋል ብዬ ነው የምነሳው። ስታክ ማለት ብዙ ስዊቾች በልዩ ኬብል ታስረው እንደ አንድ ስዊች ሲሰሩ ነው። የማወራው ስለ ሲስኮ ካታሊስት ስዊቾች ነው፦ 3750፣ 2960ኤክስ፣ 3850፣ 9300። ትዕዛዞቹ ከሞዴል ሞዴል ትንሽ ይለያያሉ፤ በሽታው ግን አንድ ነው።

ምልክት፦ አንዱ ስዊች እየጠፋ ይመለሳል፤ ወይም ፎቁ ለሁለት ተከፍሎ ግማሹ ይሰራል፣ ግማሹ አይሰራም

አብዛኛውን ጊዜ የምጠራው ለዚህ ነው። ምክንያቱም ሁሌም ማለት ይቻላል ያልተዘጋ ቀለበት ነው። የአንደኛው ስዊች ስታክ ፖርት 1 ከሁለተኛው ፖርት 2፣ የሁለተኛው ፖርት 1 ከሦስተኛው ፖርት 2 ጋር እየተያዘ ይወርድና የመጨረሻው ተመልሶ ከመጀመሪያው ጋር ይገናኛል። ለሦስት ስዊች ሦስት ኬብል፣ ለሁለት ስዊች ሁለት ኬብል። ኬብሉ የሚመጣው በግማሽ ሜትር፣ በ1 ሜትርና በ3 ሜትር ነው። ግማሽ ሜትሩን ብቻ የገዛ ሰው ከታች ወደ ላይ የሚመልሰው ሲያጥረው ይተወዋል። «ይሰራል እኮ!» ይላል። አዎ ይሰራል፤ ጣጣውም እሱ ነው። ቀለበቱ ሲከፈት የስታኩ አቅም በግማሽ ይቀንሳል እንጂ ስራው አይቆምም፤ ስለዚህ ማንም አይነቃም።

አንድ ቦታ ሦስት ስዊች በሁለት ኬብል ታስሮ ከዓመት በላይ ቆይቷል። አንድ ቀን የመሀለኛው ዩፒኤስ ባትሪ ሞተ። ላይኛውና ታችኛው ተለያዩ፤ ሁለቱም «ማስተር (የስታኩ መሪ) እኔ ነኝ» አሉ፤ ሁለቱም ያንኑ ኮንፊግ (የስዊቹን ቅንብር) እና ያንኑ አይፒ ይዘው ተነሱ። የቢሮው አይቲ አይፒውን የሰረቀውን ላፕቶፕ ፍለጋ ቀኑን ሙሉ ሲዞር ዋለ። ቀለበቱ ተዘግቶ ቢሆን ኖሮ አንደኛና ሦስተኛ በዚያች በቀረችው ኬብል ይነጋገሩ ነበር፤ የሚጠፋው መሀለኛው ብቻ ነው።

ብዙ ሰው «ሾው ስዊች» ይልና ሁሉም «ሬዲ» ሲሆን ላፕቶፑን ይዘጋል። «ሬዲ» ስለ ቀለበቱ ምንም አይነግራችሁም። የምትጽፉት «ሾው ስዊች ስታክ-ፖርትስ ሰመሪ» ነው። አንድም ፖርት «ዳውን» ካለ ቀለበቱ ክፍት ነው። ኬብል ተሰክቶ «ኖ ኬብል» ካለ ደግሞ ኬብሉ አልገባም። ከሁሉም የምወደው ሊንኩ ስንት ጊዜ እንደተቀያየረ የሚቆጥረው አምድ ነው፦ ስታኩ ከተነሳ በኋላ ቁጥሩ ባለበት መቆም አለበት። ትዕዛዙን ደግማችሁ ስትጽፉ ከጨመረ ኬብሉ ይወላከፋል።

ይህን ቁጥር ባላይ ኖሮ የራኩን (ስዊቾቹ የሚታሰሩበትን ቁም ሳጥን) በር ጉዳይ ዛሬም አላውቀውም ነበር። ሁለት ቴክኒሻኖች ተመላልሰውበታል። መጥተው ራኩን ከፍተው ሲያዩ ሁሉ ሰላም፤ ዘግተው ሲሄዱ ስዊች 2 ይጠፋል። እኔም ስከፍተው ምንም የለም። ቁጥሩን አየሁት፣ 40 አልፏል። በሩን ገፋ አድርጌ ደግሜ አየሁ፤ ጨመረ። የስታክ ኬብል ወፍራምና ግትር ነው፣ ከስዊቹ ጀርባ ወጣ ብሎ ይቆማል። የኋላ በሩ ሲዘጋ ኬብሉን እየተጫነ ማገናኛውን ያጣምመዋል። ራኩን ወደ ፊት ማምጣት አልተቻለም፤ የኋላ በሩን ነቅለን ተውነው።

መፍትሄው፦ ኬብሉን ነቅላችሁ ቀጥ አድርጋችሁ መልሱ፤ ሁለቱን ብሎኖች በየተራ በጣት አጥብቁ። በፒንሳ የሚያጠብቅ ሰው ካያችሁ እጁን ያዙልኝ። አንዱን ብሎን ብቻ ያጠበቀ ደግሞ ምንም አላጠበቀም። ካልተስተካከለ ኬብሉን ከጎረቤቱ ጋር ለዋውጡ፦ ችግሩ ኬብሉን ተከትሎ ከሄደ ኬብሉ ነው፤ ባለበት ከቀረ ፖርቱ ነው፣ 2960ኤክስ ላይ ከኋላ የሚገባው ሞጁል ሊሆን ይችላል። በርካሽ የተገዛ ቅጂ ኬብል ከሆነ አትመራመሩ፣ ጣሉት።

ስታኩ ለሁለት ተከፍሎ ካገኛችሁት ግን እጃችሁን ሰብስቡ። ሁለቱም ወገን በርቶ ሳለ ኬብል አትሰኩ። የማስተር ምርጫ ይደረግና የተሸነፈው ወገን በሙሉ ሪስታርት ያደርጋል። አንዱን ወገን አጥፉ፣ ኬብሉን አስሩ፣ ከዚያ አብሩ።

ምልክት፦ የተበላሸውን በሌላ ስዊች ተኩታችሁ ሁሉ ነገር ጠፋ

ያገለገለ ስዊች ነው የገዛችሁት? በድሮው ስታክ የነበረውን ተራ ቁጥርና ፕራዮሪቲ (ማስተር ሲመረጥ ከፍ ያለው የሚያሸንፍበትን ነጥብ) ይዞ መጥቷል። ኮንፊጉን ማጥፋት እነዚህን አያጠፋም። ፕራዮሪቲው 15 ከሆነና በርቶ ሳለ ከሰካችሁት የእናንተን ስታክ ያሸንፋል፤ ነባሮቹ ሪስታርት አድርገው የሱን ባዶ ኮንፊግ ይቀበላሉ። ሰኞ ጠዋት በስልክ «ሁሉም ፖርት ቪላን 1 (ስዊቹ ባዶ ሲሆን ፖርቶቹ ሁሉ የሚገቡበት የኔትወርክ ክፍል) ሆነብኝ» ያለኝ ልጅ እስካሁን ሲያገኘኝ ያፍራል። መጀመሪያ ለብቻው አብሩት፣ ቁጥሩን የሞተው ስዊች ቁጥር፣ ፕራዮሪቲውን 1 አድርጉ። ከዚያ አጥፍታችሁ እሰሩት። ቁጥሩ ካልተስተካከለ የሞተው ስዊች የፖርት ኮንፊግ አይደርሰውም።

ምልክት፦ መብራት ሄዶ በመጣ ቁጥር ማስተሩ ይቀያየራል

ስዊቾቹ የተሰኩት በተለያየ ዩፒኤስ ነው፤ የሚነሱትም በየራሳቸው ሰዓት ነው። 3850 እና 9300 ላይ ለምርጫው የሚደርሰው በ120 ሰከንድ ውስጥ የተነሳ ብቻ ነው፤ ዘግይቶ የመጣ ፕራዮሪቲው 15 ቢሆንም ሥልጣን አይነጥቅም። ለአንዱ 15፣ ለተከታዩ 14 ስጡና በአንድ ዩፒኤስ ሰኳቸው።

«ሾው ስዊች» ላይ «ቨርዥን ሚስማች» ካለ የስዊቾቹ ሶፍትዌር ተለያይቷል፤ አንድ አድርጉት። ከኋላ ያለው ቀጭኑ የስታክፓወር ኬብል ኃይል እንጂ ዳታ አያስተላልፍም፤ እሱን ብቻ አስሮ «ስታኩ አልሰራም» ያለኝ ሰው አለ።

ስትጨርሱ፣ ሰው ከቢሮ ሲወጣ፣ ፒንግ እየሄደ አንድ ስታክ ኬብል ንቀሉ። አንድም ስዊች መጥፋት የለበትም። መልሳችሁ ሰክታችሁ ብሎኑን አጥብቁ፤ የኋላ በሩን ከዘጋችሁ በኋላ ያንን የሊንክ ቁጥር አንዴ እዩት።