የኮሚክ ገጸ ባሕሪ ከየት እንደመጣ እንዴት ይጣራል? ፍራንክሊንን ይዘን እንየው

ፒናትስ ከሚባለው የአሜሪካ ጋዜጣ ኮሚክ ልጁ ቻርሊ ብራውን ወይም ውሻው ስኑፒ ከየት እንደመጡ ብትጠይቁ የሚነግራችሁ ሞልቷል። ነገሩ የሚከብደው ከኋላ የሚቆሙት አጃቢዎች ላይ ስትደርሱ ነው። ፍራንክሊንን እንውሰድ። የፒናትስ ጥቁር ልጅ፣ ረጋ ያለው፣ በቻርሊ ብራውን ላይ የማያላግጥ። ኢንተርኔት ላይ ስትፈልጉት አንድ መስመር ታገኛላችሁ፦ አንዲት አስተማሪ ደብዳቤ ጻፈች፣ ካርቱኒስቱም ሳለው። ውሸት አይደለም። ግን በመሃል ያለው ሁሉ ተዘሏል፣ ደስ የሚለው ደግሞ እሱ ነው። እንግዲህ እኔ እንዴት እንደማጣራ ላሳያችሁ።

መጀመሪያ ስትሪፑን፣ ማለትም ጋዜጣ ላይ በሳጥን በሳጥን ተስሎ የወጣውን አጭር ኮሚክ፣ ራሱን አግኙ። ስለ ስትሪፑ የተጻፈውን ሳይሆን ስዕሉን። ፒናትስ ከኦክቶበር 2 ቀን 1950 እስከ ፌብሩዋሪ 13 ቀን 2000 ድረስ ነው የወጣው፤ በቀን በቀን የተደረደረ መዝገብ ኢንተርኔት ላይ አለ፣ በየሁለት ዓመቱ የተጠረዘ ሙሉ ስብስብም ታትሟል። ዕለታዊዎቹን ጠጋ ብላችሁ ካያችሁ አንዱ ሳጥን ጥግ ላይ በጥቃቅን ቁጥር የወጣበት ቀን ተጽፏል። ሰው ሲያጋራው ቀኑን ቢሳሳት እንኳ ስዕሉ ራሱ ይመሰክራል።

የፍራንክሊን ቀን ጁላይ 31 ቀን 1968 ነው። ረቡዕ። ቻርሊ ብራውን ባሕር ዳርቻ ላይ ብቻውን ነው፣ ኳሱ ጠፍቶበታል። አንድ የማያውቀው ልጅ ከውሃው ወጥቶ ይህ ኳስ ያንተ ነው ወይ ይለዋል። እየዋኘሁ ሳለ ተንሳፍፎ አገኘሁት ይላል። ቻርሊ ብራውን ያቺ ሞኝ እህቴ ናት ውሃ ውስጥ የወረወረችው ብሎ ያመሰግነዋል፣ ከዚያ አብረው የአሸዋ ቤት ይሠራሉ። አለቀ። ስለ ቆዳ ቀለም አንድ ቃል የለም። በዚያው ሰሞን በወጡት ስትሪፖች ፍራንክሊን አባቴ ቬትናም ነው ይላል፤ ቻርሊ ብራውንም የኔ አባት ፀጉር አስተካካይ ነው፣ እሱም ጦርነት ላይ ነበር፣ የትኛው እንደሆነ ግን አላውቅም ይላል። የካርቱኒስቱ የቻርልስ ሹልዝ አባትም በእውነት ፀጉር አስተካካይ ነበር፣ ሚኒሶታ ውስጥ ሴንት ፖል ከተማ። ሹልዝ ከራሱ ቤት አንድ ነገር አውጥቶ ለሁለቱ ልጆች መተዋወቂያ አድርጎታል ማለት ነው። እንዲህ ያለውን ነገር ስታገኙ ማስታወሻችሁ ላይ አስፍሩት፣ በኋላ ይጠቅማችኋል።

ለኛ ለኢትዮጵያውያን አንድ ወጥመድ አለ። ዘመኑን በጭንቅላታችሁ አትቀይሩ። ጁላይ 31 ቀን 1968 በኛ ሐምሌ 24 ቀን 1960 ነው። አንዱ 1960 ብሎ ጽፎ ሌላው ሳያጣራ ሲቀዳው ፍራንክሊን ስምንት ዓመት ቀድሞ ተወለደ ማለት ነው። ወይ እ.ኤ.አ. በሉ፣ ወይ እንደኔ የፈረንጁን የወር ስም ተጠቀሙ።

ቀኑን ከያዛችሁ በኋላ ወደ ኋላ ሂዱ። ደብዳቤ አለ? ለፍራንክሊን አለ፣ ይሄ ደግሞ ዕድል ነው፤ አብዛኞቹ አጃቢዎች ምንም ወረቀት የላቸውም። ሃሪየት ግሊክማን የምትባል የሎስ አንጀለስ አስተማሪ ኤፕሪል 15 ቀን 1968 ለሹልዝ ጻፈች። ማርቲን ሉተር ኪንግ ከተገደለ 11 ቀኑ ነው። የጠየቀችው ጥቁር ልጆችን ከቻርሊ ብራውን ጓደኞች መሃል እንዲያስገባ ነው።

ቶሎ እሺ አላለም። ብዙ ሰው የሚዘለው ይሄንን ነው። ኤፕሪል 26 ቀን መልስ ጻፈላትና፣ እኔም ሌሎች ካርቱኒስቶችም ብናደርገው ደስ ይለን ነበር፣ ግን ጥቁር ወዳጆቻችንን ከላይ ሆነን የምናባብል እንዳይመስልብን እንፈራለን አለ። እሷ ደግሞ ተስፋ ቆርጣ አልተወችውም። ደብዳቤህን ለጥቁር ጓደኞቼ ላሳያቸው ወይ ብላ ፈቃድ ጠየቀችው።

አንዱ ጓደኛዋ ኬኔት ኬሊ የሁለት ልጆች አባት ነበር፣ ለሹልዝ ጻፈለት። ለኔ የፍራንክሊን እውነተኛ መነሻ ይሄ ደብዳቤ ነው፣ የፈለገ ይከራከረኝ። የኬሊ ሐሳብ ባጭሩ፦ ማባበል ይመስላል ተብሎ መወቀስ ካለም ለጥቅሙ ሲባል የሚከፈል ትንሽ ዋጋ ነው፣ ደግሞም ልጁን ትልቅ መልእክት አታሸክመው፣ መጀመሪያ ዝም ብሎ ከልጆቹ መሃል ይታይ። አሁን ወደ ባሕር ዳርቻው ስትሪፕ ተመለሱና እንደገና እዩት። ኳስ መለሰ፣ አሸዋ ቆለለ። ኬሊ ያለው እዚያ ላይ ቁጭ ብሏል! ግሊክማን በሩን አንኳኳች፣ ልጁ እንዴት እንደሚገባ ያመለከተው ግን ኬሊ ነው።

ጁላይ 1 ቀን ሹልዝ ለግሊክማን ጻፈላት፦ ከጁላይ 29 ጀምሮ ያለውን ሳምንት ጋዜጣ ተመልከቺ። ዕለታዊ ስትሪፕ ከመታተሙ ሳምንታት ቀድሞ ስለሚሳል፣ ይህን ሲጽፍ ስዕሉ አልቋል። ከመጀመሪያው ደብዳቤ እስከ ጋዜጣው ሦስት ወር ተኩል፣ ያውም እምቢታ የሚመስል መልስ በመሃል ገብቶበት።

ደብዳቤ ሲያልቅ ትዝታ ይመጣል፣ እዚህ ላይ ጠንቀቅ በሉ። ሹልዝ ከብዙ ዓመታት በኋላ በቃለ መጠይቅ የተናገራቸው ሁለት ታሪኮች አሉ። አንደኛው፣ ከደቡብ አሜሪካ ግዛቶች የሆነ አንድ የጋዜጣ አዘጋጅ ጥቁሩ ልጅ ይኑር፣ ግን ከነጮቹ ጋር አንድ የትምህርት ክፍል ውስጥ አታሳይ ብሎ ጻፈለት፣ እሱም መልስ አልሰጠሁትም ይላል። ሁለተኛው፣ ስትሪፑን ለጋዜጦች የሚያከፋፍለው ሲንዲኬት ኃላፊ ስጋት ሲያበዛበት ወይ እንደሳልኩት ታትማለህ ወይ ሥራውን እተዋለሁ አልኩት ይላል። ሁለቱንም አምናለሁ። ግን ከደብዳቤዎቹ እኩል አላስቀምጣቸውም፤ ደብዳቤ በዕለቱ የተጻፈ ነው፣ ትዝታ ግን በተወራ ቁጥር እየተሞረደ ይሄዳል። የክፍሉን ነገር በስዕል ማየት ትችላላችሁ፦ ፍራንክሊን ከነጯ ልጅ ከፔፐርሚንት ፓቲ ፊት ያለው ወንበር ላይ ነው የሚቀመጠው።

«የመጀመሪያው» የሚል ቃል ካያችሁ ደግሞ ቁሙ። እኔ ራሴ ስንት ጊዜ ፍራንክሊን በጋዜጣ ኮሚክ ታሪክ የመጀመሪያው ጥቁር ገጸ ባሕሪ ነው እያልኩ ሳወራ ነበር፣ አንድ ጓደኛዬ ሰው መሃል አፈር አበላኝ። ሎታር የሚባለው፣ ማንድሬክ በተሰኘው ኮሚክ የአስማተኛው የማንድሬክ አጋር፣ ከ1934 ጀምሮ አለ። ሞሪ ተርነር የተባለ ጥቁር ካርቱኒስት ደግሞ ዊ ፓልስ የተሰኘውን የተለያየ ዘር ልጆች ያሉበት ስትሪፕ በ1965 ጀምሯል፣ የሹልዝም ወዳጅ ነበር። ፍራንክሊን የፒናትስ የመጀመሪያው ጥቁር ልጅ ነው፣ በቃ።

ፍለጋውን ገጸ ባሕሪው በታየበት ቀን አታቁሙ። ፍራንክሊን ለዓመታት የአባት ስም አልነበረውም። ሹልዝ ጃምፕ ስታርት የተባለውን ስትሪፕ የሚሠራውን ጥቁር ካርቱኒስት ሮብ አርምስትሮንግን ደውሎ ስምህን ልጠቀምበት ወይ አለው፤ በ1994 በወጣ ፊልም ፍራንክሊን አርምስትሮንግ ሆነ። ስሙን የሰጠው ሰውዬ ፍራንክሊን ጋዜጣ ላይ ብቅ ሲል የስድስት ዓመት ልጅ ነበር።

ፊልሞቹን ደግሞ ለብቻ አስቀምጧቸው። በ1973ቱ የምስጋና ቀን ፊልም ፍራንክሊን የገበታው አንድ ጎን ላይ ብቻውን ተቀምጧል፣ ሌሎቹ ከፊት ለፊቱ ተጣበው። ብዙ ሰው ያዘነበት ትዕይንት ነው። በ2024 የወጣው፣ አርምስትሮንግ ራሱ በጽሑፉ የተሳተፈበት ፊልም ደግሞ ልጁ ወደ ሰፈሩ እንዴት እንደመጣ አዲስ አድርጎ ይተርካል፣ ያንን ወንበርም ያስታውሳል፦ የቻርሊ ብራውን ጓደኛ ሊነስ ና እዚህ ጋ ቦታ ይዘንልሃል ይለዋል። እኔ ወድጄዋለሁ። ግን ከ1968ቱ 56 ዓመት በኋላ የተጻፈ ነውና «መነሻው ይሄ ነው» ብላችሁ እንዳታስገቡት።

እጃችሁን ማፍታታት ከፈለጋችሁ ዉድስቶክን ሞክሩ፣ የስኑፒን ቢጫ ወፍ። ስሙን ያገኘው ጁን 22 ቀን 1970 ነው። ከዚያ ወደ ኋላ እየሄዳችሁ ስም የለሽ ወፎቹን አንድ በአንድ እዩና፣ እሱ የትኛው ላይ እንደጀመረ ወስኑ።