የዓሣ አጥማጆችን መንደር ሲጎበኙ የሚሠሩ ስህተቶች

የዓሣ አጥማጆች መንደር ድረስ ደክመው ሄደው ባዶ ጀልባ ፎቶ አንስተው የሚመለሱ ብዙ ናቸው። መንደሩ ምንም አልጎደለበትም። ጎብኚው ነው አካሄዱን ያላወቀበት።

በራስ ሰዓት መሄድ

ከሁሉም የሚብሰው ይሄ ነው። ቁርስ ተበልቶ፣ ቡና ተጠጥቶ፣ ረፋድ ላይ ባሕሩ ዳር ሲደረስ ዓሣው ተሽጧል፤ ሰዎቹም ተኝተዋል። ሰዓቱን የሚወስነው ውሃው ነው።

ቤልጅየም ውስጥ ኦስትዳውንከርከ በምትባል መንደር ሽሪምፕ የሚባል ትንሽ የባሕር እንስሳ በፈረስ ይጠመዳል። ግዙፎቹ ፈረሶች እስከ ደረታቸው ባሕር ገብተው ዳርዳሩን መረብ ይጎትታሉ። የመረቡ ሰንሰለት አሸዋውን ሲነቀንቀው ሽሪምፖቹ ብድግ ብለው ይዘላሉ፤ መረቡ ውስጥ ይገባሉ። ዩኔስኮ ይህን ልማድ እ.ኤ.አ. በ2013 በቅርስነት መዝግቦታል። ታዲያ ሥራው ያለው ባሕሩ ሲሸሽ ነው፤ ውሃው በጣም ዝቅ ከሚልበት ሰዓት አንድ ሰዓት ተኩል ያህል በፊትና በኋላ። ያ ሰዓት ደግሞ በየቀኑ ይለዋወጣል። ባለፈው ሳምንት የሄደ ጓደኛዎ የነገረዎትን ሰዓት ይዘው ቢሄዱ ፈረስም ሽሪምፕም አያገኙም።

ወቅቱንም ይጠይቁ። ጃፓን ውስጥ በናጋራ ወንዝ ላይ በሠለጠኑ ወፎች ዓሣ የሚጠመደው ከሜይ 11 እስከ ኦክቶበር 15 ብቻ ነው። ያውም ከመሸ በኋላ፣ ጀልባው ፊት በሚነድ እሳት ብርሃን። ወንዙ ከሞላ ደግሞ የለም። የኖርዌይ ሎፎተን ደሴቶች ትልቁ የኮድ ዓሣ ወቅት በተቃራኒው በክረምት፣ ከጃንዋሪ እስከ ኤፕሪል ነው። ብርዱን ፈርቶ በሞቃቱ ወራት የሄደ ሰው ያንን ግርግር አያየውም።

ትርኢትን ሥራ ነው ብሎ ማመን

በደቡብ ስሪላንካ፣ ኮጋላ አካባቢ፣ ባሕር ውስጥ በተተከለ እንጨት ላይ ተቀምጠው የሚያጠምዱ ሰዎችን ፎቶ ሳያዩ አይቀሩም። ዛሬ እዚያ ከሚቀመጡት ብዙዎቹ ገቢያቸው ከጎብኚ እንጂ ከዓሣ አይደለም። ማይናማር ውስጥ በኢንሌ ሐይቅም በአንድ እግር እየቀዘፉ ትልቁን ቅርጫት ከፍ አድርገው የሚያሳዩት አብዛኞቹ ለካሜራ ነው የሚቆሙት።

እኔ በዚህ አልናደድም። ዓሣው ካላበላው ሰው ፎቶ ቢያበላው ምን ነውር አለው? የሚያናድደኝ ሃምሳ ፎቶ አንስቶ ሲያበቃ ክፍያ ሲጠየቅ «ተጭበረበርኩ» የሚለው ጎብኚ ነው። ዋጋውን አስቀድመው ይነጋገሩ፣ ይክፈሉ፣ ያንሱ። ሥራውን ራሱን ማየት ከፈለጉ ግን ማልደው ዓሣው የሚራገፍበት ቦታ ይሂዱ። እዚያ ማንም ለእርስዎ ብሎ አይቆምም፤ እንዲያውም «ዞር በሉ» ሊባሉ ይችላሉ።

ጀልባውን ብቻ ማየት

ካሜራው ሁሉ ወደ ባሕሩ ይዞራል። ከጀርባ መረብ የሚጠግን ሽማግሌ፣ ዓሣ የምትሰነጥቅ፣ የምታደርቅ፣ ገዢ ጋር የምትከራከር ሴት አለች። የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት እንደሚለው፣ በአነስተኛ ዓሣ ማስገር ሥራ ላይ ካሉት አሥር ሰዎች አራቱ ገደማ ሴቶች ናቸው።

ደቡብ ኮሪያ ጄጁ ደሴት ላይማ ባሕር የሚገቡትም እነሱው ናቸው። ሄንዮ ይባላሉ። ያለ ኦክስጅን 10 ሜትር ያህል ጠልቀው ከባሕሩ ወለል የሚበላ ነገር ይለቅማሉ። ሰማንያ ያለፉ እናቶች አሉባቸው። ከውሃው ብቅ ሲሉ የሚያወጡት ፉጨት የመሰለ ትንፋሽ ጎብኚውን ሁሉ ስልኩን ያስመዝዘዋል። ይሁን፤ ግን ሙያው የሚተላለፈው ሌላ ቦታ ነው። ከባሕሩ ዳር በድንጋይ የተከበበ፣ ቡልቶክ የሚሉት ማረፊያ አላቸው። ድሮ እሳቱን ከበው ሲሞቁ ጀማሪዋ ከነባሮቹ የምትማረው እዚያ ነበር፤ የትኛው ቋጥኝ ሥር ምን እንዳለ፣ የዛሬው ንፋስ እንደሚያስገባና እንደማያስገባ። ጠላቂዎቹ በችሎታ ሦስት ደረጃ አላቸው፤ ማን የት እንደሚቀመጥም በዚያው ይታወቃል። ልብስ የሚቀየርበት ቦታ ስለሆነ ሳይጋበዙ ዘው አይበሉ። ደሴቲቱ ላይ የሄንዮ ሙዚየም ስላለ መጀመሪያ እሱን ቢያዩ ጥሩ ነው፤ ያኔ የሚጠይቁትን ያውቃሉ።

ያልተጋበዙበት መግባት

መሬት ላይ የተዘረጋ መረብ ካዩ ዞረው ይለፉ። ከተበጠሰ ጥገናው የሰው ሙሉ ቀን ሊበላ ይችላል። ለፎቶ ብለው የሰው ጀልባ ላይ አይውጡ።

ውሃው ውስጥም ያው ነው። ብራዚል ላጉና ውስጥ አጥማጆች ወገባቸው ድረስ ውሃ ገብተው ዶልፊን ይጠብቃሉ። ዶልፊኖቹ ዓሣውን ወደ ዳር ነድተው ምልክት ሲሰጡ መረብ ይወረወራል። ይህ መግባባት ከትውልድ ወደ ትውልድ የመጣ ነው፤ በሁለቱም በኩል። ዶልፊን አየሁ ብሎ እየተንቦጫረቀ የሚገባ ዋናተኛ የሰዎቹን እንጀራ ነው የሚበትነው። ከዳር ሆኖ ማየት ይበቃል፤ ደግሞም ይበልጥ ይታያል።

ያገኙትን ሁሉ መግዛት

ዓሣ ከሆነ ካጠመደው ሰው እጅ መግዛት ጥሩ ነው። ገና ያላደገ ዓሣ ግን «ያሳዝናል፣ ልግዛለት» ብለው አይግዙ፤ ገዢ ካለ ነገም ይጠመዳል። ከኤሊ ልባስ የተሠራ ማበጠሪያና አምባር ደግሞ ጨርሶ አይንኩ። የሁሉም የባሕር ኤሊ ዝርያዎች ዓለም አቀፍ ንግድ የተከለከለ ነው። ሻጩ «ችግር የለውም» ቢልዎትም ኤርፖርት ላይ የሚጠየቁት እርስዎ ነዎት።