ኤሌክትሮኑ የት ገባ?

ሁለት ቀን ሙሉ ናላዬን ሲያዞረው የነበረው ነገር ተፈታ። በኮምፒውተር ሲሙሌሽን (ሙከራን በስሌት በሚያስመስል ፕሮግራም) ውስጥ፣ በ1 ሴንቲሜትር በተራራቁ ሁለት የብረት ሳህኖች መሀል 100 ቮልት ሰጥቼ አንድ ኤሌክትሮን ለቀቅኩ፤ ሲሙሌሽኑ ያለ ምንም ስህተት ያልቃል፣ ስክሪኑ ላይ ግን ኤሌክትሮን የሚባል የለም። ሜሹን (ፕሮግራሙ ቦታውን ከፋፍሎ የሚያሰላበትን መረብ) አጠበብኩት፣ ቻርጁን ደጋግሜ አየሁ፣ ወይ ፍንክች! በመጨረሻ ወረቀት አውጥቼ አሰላሁት። ከቆመበት ተነስቶ ማዶ ሲደርስ ፍጥነቱ በሰከንድ 5.9 ሚሊዮን ሜትር ገደማ ነው፣ ጉዞው በሙሉ 3.4 ናኖሰከንድ (አንድ ናኖሰከንድ የሰከንድ ቢሊዮንኛ ነው)። እኔ ሆዬ ውጤቱን በየ0.1 ሰከንዱ እንዲያስቀምጥ ነው ያዘዝኩት፤ ለካ እስከዚያ ኤሌክትሮኑ ጉዞውን ከጨረሰ ቆይቷል። ጊዜውን ከ0 እስከ 4 ናኖሰከንድ፣ እርምጃውን 0.01 ናኖሰከንድ አደረግኩት። መንገዱ ወለል ብሎ ታየ፣ ሳህኑ ጋ ሲደርስ ኪነቲክ ኢነርጂውም (የእንቅስቃሴ ጉልበቱም) 100 ኤሌክትሮን ቮልት፣ ልክ 100 ቮልቱ እንደሚሰጠው።