ሊዮካርሲነስ ዴፑሬተር የተባለውን ዋናተኛ ሸርጣን ከዘመዶቹ እንዴት መለየት ይቻላል?

ካርል ሊኔየስ እ.ኤ.አ. በ1758 በሳይንስ የመዘገበው ሊዮካርሲነስ ዴፑሬተር ከኖርዌይ እስከ ምዕራብ አፍሪካ ባለው የአትላንቲክ ጠረፍና በሜዲትራኒያን ባሕር ይገኛል። የጀርባ ቅርፊቱ ወርድ 5 ሴንቲሜትር ያህል ብቻ በመሆኑና በርካታ ተመሳሳይ ዘመዶች ስላሉት፣ ማንነቱን በጥድፊያ መወሰን አይገባም።

ሸርጣኑን ከኋላው በኩል በአውራ ጣትና በሌባ ጣት የቅርፊቱን ሁለት ጎኖች ይዘው ያንሡት፤ ፈጣንና ቁጡ ስለሆነ ከፊት ለፊቱ እጅ መስደድ ለጉጠቱ ራስን መስጠት ነው። የባሕር ውሃ በያዘ ግልጽ ዕቃ ውስጥ አድርገው ፀሐይ በማያገኘው ቦታ ቢመረምሩት ይሻላል።

በመጀመሪያ የመጨረሻውን ጥንድ እግር ይመልከቱ። የእግሩ ጫፍ እንደ መቅዘፊያ ጠፍጣፋና ሞላላ ከሆነ ከዋናተኞቹ ወገን ነው፤ በጠረፍ እጅግ የተለመደው አረንጓዴ ሸርጣን፣ ማለትም ካርሲነስ ሜናስ፣ ጫፉ ጠበብና ሾል ያለ ነው። ከዓይኖቹ ወደ ጎን በኩል በየበኩሉ የሚታዩት 5 ሹል ጥርሶች፣ ማለትም ከቅርፊቱ ጠርዝ የወጡ ሾጣጣ ጉጦች፣ ግን በሁለቱም ላይ ስላሉ ለመለየት አይረዱም።

ቀጥሎ በአጉሊ መነጽር በሁለቱ ዓይኖች መካከል ያለውን የቅርፊት ጠርዝ ይመርምሩ፤ በእኔ እምነት ከሁሉም የላቀው ማስረጃ ይህ ነው። ዴፑሬተር በዚያ ቦታ 3 ጥርሶች ሲኖሩት፣ ሊዮካርሲነስ ናቪጌተር ጥርስ የሌለው፣ ቅስት የሆነና በፀጉር የተከበበ ጠርዝ አለው፤ በአካሉ የሚበልጠውና ዓይኑ ቀይ የሆነው ኔኮራ ፑበር ደግሞ ከ8 እስከ 10 የሚደርሱ ትናንሽ፣ እኩል ያልሆኑ ጥርሶች ይታዩበታል። አስቸጋሪው ሊዮካርሲነስ ሆልሳተስ ነው፤ እርሱም 3 ጥርሶች አሉትና ጀርባውን መዳሰስ ያስፈልጋል። የዴፑሬተር ጀርባ በአግድም በተሰለፉ ፀጉራም ሸንተረሮች ሲሻክር የሆልሳተስ ግን ለስላሳ ነው። የዴፑሬተር መቅዘፊያ ሐምራዊ ቀለም ማረጋገጫ ይሆናል፤ ሆኖም ቀለም ከሞት በኋላ ስለሚደበዝዝ ብቻውን ሊታመን አይገባም።

ጾታውን ለማወቅ ገልብጠው ከሆዱ ሥር የታጠፈውን ክፍል ይዩ፤ የወንዱ ጠባብና ሦስት ማዕዘን፣ የአዋቂዋ ሴት ሰፊና ክብ ነው። ከዚህ ክፍል ሥር እንቁላል የተሸከመች ከሆነች ምርመራውን አቋርጠው ወዲያውኑ ወደተገኘችበት ውሃ ይመልሷት።

በአሸዋው ላይ ባዶና ቀላል ሆኖ፣ ከኋላው ጠርዝ ተከፍቶ የሚገኝ አካል ብዙውን ጊዜ ሸርጣኑ ሲያድግ የጣለው ቅርፊት ነው፤ ጥርሶቹና መቅዘፊያው ሳይጎዱ ከቆዩ ለዚህ ምርመራ ከሕያው ሸርጣን ያላነሰ ያገለግላል።