ሽንኩርት፣ ስፌትና እንቅልፍ

ጡረታ ስወጣ ቤት መዋል ከበደኝ፤ እንቅልፍም እምቢ አለኝ። የደብረ ብርሃን ብርድ ደግሞ ቤት ያስቀምጣል። ከጎረቤቶቼ ጋር ከግቢው ጀርባ ነጭ ሽንኩርት የተከልነው ያኔ ነው።

እናንተም በአንድ መደብ ጀምሩ። ፍልቃቂውን ሹል ጫፉን ወደ ላይ አድርጋችሁ በየ10 ሳንቲ ሜትሩ ትከሉ። ውኃ የሚተኛበት ቦታ ያበሰብሰዋል። ጎመን ካላችሁ በኅዳር ማታ ማታ ጭድ አልብሱት፤ የኛን ውርጭ በአንድ ሌሊት ለብልቦታል።

ውኃ የማጠጣቱን ተራ ተከፋፈሉ። ተረኛ የሆነ ሰው ቢከፋውም ከአልጋው ይነሳል። እኔን ያዳነኝ ይህ ተራ ይመስለኛል።

ከአረሙ በኋላ ቡና ይፈላል፣ ስፌት ይወጣል። አለላውን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሉት፤ ከደረቀ ይሰበራል። ቀለሙን እንደ ልባችሁ ምረጡ። የመጀመሪያ ሰፌዴ ተወላግዷል፤ በቆሎ ግን ይሰጣበታል።

ጭንቀቱ ከ2 ሳምንት በላይ ካልለቀቃችሁ ጤና ጣቢያ ሂዱ። ሽንኩርቱ ይጠብቃል።